ከኮረት እስከ ቡሽ፤ የትንሹ ሐዲድ መደብ

ባቡር ሲያልፍ ዓይን የሚከተለው ባቡሩን ነው። ጭሱን፣ መስኮቱን፣ እጁን የሚያውለበልበውን መንገደኛ ያያል። ትንሽ ቆየት ያለ ተመልካች ደግሞ ወደ ሐዲዱ ዝቅ ይል ይሆናል። ከሐዲዱ ሥር ያለውን ግን ማን ያያል? አግዳሚው ተነጥፎ፣ ድንጋዩ ተከምሮ፣ ሁለቱም ድምፃቸውን አጥፍተው ያን ሁሉ ሸክም ሲቀበሉ ስማቸውን የሚያነሳ የለም። ሐዲድ የሚያርፍበት ይህ ከፍ ያለ ንጣፍ በገጠር ቤት ግድግዳ ሥር ከሚሠራው የጭቃ መደብ ጋር ስለሚመሳሰል፣ በዚህ ጽሑፍ «መደብ» ብለን እንጠራዋለን።

የምናወራው ግን ስለ ትልቁ ባቡር መደብ ብቻ አይደለም። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ርቀት 16.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ጠረጴዛ ላይ ስለሚሄድ ትንሽ ባቡርም ጭምር ነው። የዚህ ትንሽ ባቡር መደብ የሚሠራው ከኮረት ሳይሆን ከቡሽ ነው፤ ያው የጠርሙስ መክደኛ ከምናውቀው፣ የድሮው የፀሐይ ባርኔጣም ስሙን ከወሰደበት ከቡሽ። ጉዳዩ የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ይሁን እንጂ ኮረት እንዴት ቡሽ እንደሆነ የሚናገረው ታሪክ፣ ሰው አንድን ነገር አሳንሶ ለመሥራት ሲነሳ ነገሩን ምን ያህል ጠልቆ ማወቅ እንዳለበት የሚያሳይ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትልቁ ሐዲድ ምን አስተማረ?

ለመሆኑ መደብ ለምን አስፈለገ? መልሱ ክብደት ነው። 100 ቶን የሚመዝን ለኮሞቲቭ ሐዲዱን የሚነካው በመንኮራኩሮቹ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ መንኮራኩር ደግሞ ሐዲዱን የሚነካው አንዲት ሳንቲም በምታህል ቦታ ላይ ነው። ያ ሁሉ ጭነት በቀጥታ ወደ አፈሩ ቢወርድ ሐዲዱ ጭቃ ውስጥ ይሰምጥ ነበር። ስለዚህ ሐዲዱ ለአግዳሚው፣ አግዳሚው ለኮረቱ፣ ኮረቱ ደግሞ ለአፈሩ ሸክሙን እያሰፉ ያቀባብሉታል። ኮረቱ የሚመረጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። የወንዝ ጠጠር ክብ ስለሆነ ይንሸራተታል፤ ተፈልጦ የተሰበረ ድንጋይ ግን ጠርዙ ሹል ስለሆነ እርስ በርሱ ተናክሶ ይቆማል። ውኃም በመካከሉ ያሳልፋል።

ይህ ዛሬ ለማንም መሐንዲስ ግልጽ ነው። ባቡር በተጀመረበት ዘመን ግን ግልጽ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ መሐንዲሶች ጥሩ መደብ ማለት ጠንካራ መደብ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ቤት የሚሠራው በዐለት ላይ አይደል? ሐዲድስ ለምን አይሆንም? በ1834 የተከፈተው ከደብሊን ወደ ኪንግስታውን የሚሄደው የአየርላንድ ባቡር ሐዲዱ የተቀመጠው በጥቁር ድንጋይ ዘር ሁሉ ከሚፈራው ከግራናይት በተጠረቡ ድንጋዮች ላይ ነበር። ሥራው ለዘለዓለም የተሠራ ይመስል ነበር። ነገር ግን ድንጋዩ ንቅንቅ አልል ስላለ፣ የባቡሩ ምት ሁሉ ተመልሶ ሐዲዱንና መንኮራኩሩን ይደበድባቸው ጀመር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ግራናይቱ እየተነሳ በእንጨት ተተካ።

ታላቁ የእንግሊዝ መሐንዲስ ብሩኔልም ከዚህ ስሕተት አላመለጠም። ከለንደን ወደ ምዕራብ በዘረጋው ሐዲድ ላይ ረጃጅም ግንዶችን በሐዲዱ ሥር በቁመታቸው አስተኝቶ፣ ግንዶቹን ወደ መሬት በተተከሉ ምሰሶዎች ቸነከራቸው። ሐሳቡ ሐዲዱን ከመሬት ጋር አጥብቆ ማሰር ነበር። በ1838 የመጀመሪያው ክፍል ሲከፈት ግን ሌላ ነገር ታየ። አፈሩ ቀስ በቀስ ሲረግጥ ምሰሶዎቹ ባሉበት ቀሩ፤ ሐዲዱም ምሰሶ ባለበት ከፍ፣ በሌለበት ዝቅ እያለ መንገደኛውን ያናውጠው ጀመር። ምሰሶዎቹን ከመተው ሌላ ምርጫ አልነበረም።

በተቃራኒው ማንም ያላመነበት ሥራ ሰመረ። ከሊቨርፑል ወደ ማንቸስተር የሚወስደው መስመር ቻት ሞስ የተባለውን ሰፊ ረግረግ ማቋረጥ ነበረበት። ብዙዎች አይሞከርም አሉ። ጆርጅ ስቲቨንሰን ግን ከታች ዐለት መፈለጉን ትቶ ቅጠልና ጭራሮ፣ ከቅርንጫፍ የተጎነጎነ አጥር እየደራረበ ረግረጉ ላይ አነጠፈ፤ በዚያ ተንሳፋፊ ፍራሽ ላይ መስመሩን አሳለፈ። መስመሩ በ1830 ተከፈተ። ዛሬም ባቡር በዚያው ላይ ይሄዳል። ስቲቨንሰን ምድሩ ጠንካራ በሆነበት ቦታ የድንጋይ ብሎኬት፣ ረግረጉ ላይ ደግሞ የእንጨት አግዳሚ ተጠቅሞ ነበር። ጊዜ የፈረደው ለእንጨቱ ነው። እነሆ ትምህርቱ ይህ ሆነ፤ መደብ መሸከም ብቻ ሳይሆን ትንሽ እሺ ማለትም አለበት። ግትር የሆነ መደብ ራሱ ባይሰበር እንኳ ከላዩ ያለውን ይሰብራል።

ምንጣፍ ላይ የተወለደው ባቡር

ትንሹ ባቡር ሲወለድ ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረበትም። በጀርመን ጎፒንገን ከተማ በ1859 የተቋቋመው የሜርክሊን ቤተ ሰብ ድርጅት መጀመሪያ የሚሠራው ከቆርቆሮ የተዘጋጀ የአሻንጉሊት ማድ ቤት ዕቃ ነበር። በ1891 በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ላይ ግን በሞላ የሚንቀሳቀስ ባቡር ከነሐዲዱ ይዞ ቀረበ። አዲሱ ነገር ባቡሩ ሳይሆን ሐዲዱ ነበር። እየተቀጣጠለ የሚያድግ፣ ዛሬ ቀጥታ ነገ ደግሞ ማጠፊያ እየተገዛለት የሚሰፋ፣ ስፋቱም በቁጥር የተወሰነ ሐዲድ ነበር። አሜሪካዊው ጆሹዋ ላየነል ካወን በ1900 ድርጅቱን ሲመሠርት የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ባቡር ያሰበው ለልጆች እንኳ አልነበረም፤ የሱቅ መስኮት ላይ እየዞረ ዓይን እንዲስብ ነበር። ገዢዎች ግን ከሸቀጡ ይልቅ ባቡሩን ወደዱት።

ይህ የቆርቆሮ ባቡር ሳሎን ምንጣፍ ላይ ይዘረጋል፤ ማታ ደግሞ ተነቅሎ ሣጥን ይገባል። መደብ አያስፈልገውም፤ መደቡ ምንጣፉ ነው። ድምፁንም ምንጣፉ ይውጥለታል። መደብ የሚባለው ጥያቄ የመጣው ባቡሩ ከወለል ተነስቶ ጠረጴዛ ላይ ሲወጣና ከልጅ እጅ ወደ አዋቂ እጅ ሲሻገር ነው።

ይህ ሽግግር የተፋጠነው በ1930ዎቹ ነው። በ1934 በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ ሞዴል ሬይልሮደር የተባለው መጽሔት መውጣት ጀመረ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1935፣ በዚያው ከተማ የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር ተመሠረተ። ማኅበሩ ከሠራቸው ሥራዎች ዋነኛው መለኪያ ማውጣት ነበር፤ የአንዱ ፋብሪካ ፉርጎ በሌላው ሐዲድ ላይ እንዲሄድ። በዚያው በ1935 በጀርመን 16.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው የጠረጴዛ ባቡሮች ገበያ ላይ ዋሉ። ከጊዜ በኋላ ኤች-ኦ የተባለው መጠን ከሌሎቹ ሁሉ በልጦ ተስፋፋ። መጠኑ አንድ ለ87 ነው፤ እውነተኛው ሐዲድ 1435 ሚሊ ሜትር ሲሆን ለ87 ሲካፈል 16.5 ይመጣል።

ከዚህ በኋላ አሻንጉሊትና ሞዴል መንገድ ለያዩ። አሻንጉሊት ባቡር ባቡር መምሰሉ ይበቃዋል። ሞዴል ሠሪው ግን ሜትርና እርሳስ ይዞ እውነተኛው ጣቢያ ድረስ ይሄዳል። የበሩን ከፍታ ይለካል፤ የዝገቱን ቀለም ያያል። ሐዲዱ መሬት ላይ ዝም ብሎ የተጣለ አለመሆኑን፣ ግራና ቀኙ ተዳፋት በሆነ የኮረት ክምር ላይ መቀመጡን የሚያስተውለውም ያኔ ነው። ስለዚህ ለትንሹም ሐዲድ መደብ ሊሠራለት ግድ ሆነ።

ጣውላው ሲዘፍን

መደቡን ለመልክ ብቻ ብለው ከእንጨት የቀረጹት ሰዎች አንድ ያልጠበቁት ችግር ገጠማቸው፤ ጩኸት። ክራር የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ለመረዳት አይቸገርም። ጅማቱ ብቻውን ቢመታ ድምፁ ቅርብ ላለ ጆሮ እንኳ አይደርስም፤ ገበቴው ነው ተቀብሎ የሚያጎላው። የሞዴል ባቡር ጠረጴዛም እንዲሁ ነው። ትንሿ ሞተርና የብረት መንኮራኩሮቹ የሚያወጡት ንዝረት በሐዲዱ ወርዶ ወደ ኮምፔንሳቶው ይገባል፤ ሰፊውና ስሱ ጣውላ ደግሞ እንደ ከበሮ ቆዳ ይነሳል። መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ባቡር ክፍሉን ሙሉ ያጓራል።

ከዚህ ላይ የነገሩ ግልባጭ መታየት አለበት። ትልቁ መደብ የሚታገለው ከክብደት ጋር ነው። ትንሹ ግን ክብደት የለበትም። ነገር በቁመት፣ በወርድና በከፍታ በ87 ሲያንስ ክብደቱ የሚቀንሰው በ87 አይደለም፤ 87 በ87፣ ያም ደግሞ በ87 ተባዝቶ፣ ማለትም ከ650 ሺህ ጊዜ በላይ ነው። 100 ቶን የነበረው ለኮሞቲቭ በዚህ ሒሳብ 150 ግራም ገደማ ይሆናል። ይህን ለመሸከም ኮረት ምን ያደርጋል? የትንሹ መደብ ሥራ ሌላ ነው፤ ድምፅን ከላይ ተቀብሎ ወደ ታች አለማሳለፍ። ቅርጹ የትልቁ ቅርጽ ሆኖ ምክንያቱ ግን ፈጽሞ የተለየ ነው።

ታዲያ ከምን ይሠራ? አንዳንዱ ጨርቅ፣ አንዳንዱ ስፖንጅ ሞከረ። ስፖንጁ ድምፅ ቢውጥም ሐዲዱን እያወዛወዘ ባቡሩን ከመስመር ያስወጣዋል። አሜሪካውያን ሆማሶት የሚባል፣ ከተፈጨ አሮጌ ወረቀት ተጨምቆ የሚሠራ ለግንባታ የሚውል ሰሌዳ አገኙ፤ ድምፅ ያበርዳል፣ ሚስማርም ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ነገር ግን ሲቆረጥ አቧራው ቤት ይሞላል፤ ለጥምዝ መስመርም አይታጠፍም። ብዙዎቹን ያግባባው ቡሽ ነው።

ዛፍ የማይቆረጥለት እንጨት

ቡሽ ልጣጭ ነው። ዛፉ በፖርቱጋል፣ በስፔንና በሰሜን አፍሪካ የሚበቅል የባሉጥ ዓይነት ሲሆን፣ ከዓለም ምርት ግማሽ የሚሆነው የሚገኘው ከፖርቱጋል ነው። የመጀመሪያው ልጣጭ የሚነሳው ዛፉ 25 ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው፤ ከዚያ በኋላ በየ9 ዓመቱ ይላጣል። ለወይን ጠጅ ጠርሙስ የሚሆን ጥራት ያለው ቡሽ የሚገኘው በሦስተኛው ልጠት ስለሆነ ዛፉን የተከለው ሰው ፍሬውን የሚያየው ካረጀ በኋላ ነው። ዛፉ አይቆረጥም፤ ተልጦም ይኖራል።

የቡሽን ምሥጢር መጀመሪያ በዓይኑ ያየው እንግሊዛዊው ሊቅ ሮበርት ሁክ ነው። በ1665 ባሳተመው መጽሐፉ ስስ የቡሽ ቅራፊ በማጉያ መነጽር ሲመለከት እንደ ማር እንጀራ የተደረደሩ ባዶ ክፍሎች ማየቱን ገለጸ። ለእነዚህ ክፍሎች የሰጠው ስም ነው ዛሬ በሥነ ሕይወት «ሴል» የምንለው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ቡሽ ውስጥ 40 ሚሊዮን ያህል እንዲህ ያሉ ክፍሎች እንዳሉ ይገመታል። በየክፍሉ የታፈነው አየር ነው ቡሽን ቀላል የሚያደርገው፣ ሲጫኑት ገባ ብሎ ሲለቁት የሚመልሰው፣ ንዝረትንም ውስጥ ለውስጥ የሚያደክመው። ሲጨመቅ ደግሞ እንደ ጎማ ወደ ጎን አያብጥም።

ለሐዲድ መደብ የሚውለው ግን ምርጡ ቡሽ አይደለም። የጠርሙስ መክደኛ ተቀርጾ ሲወጣ የሚቀረው ቅሪት ይፈጫል፤ ፍርፋሪው በማጣበቂያ ተዋሕዶ ይጨመቃል፤ ከዚያም በስስ ተቆርጦ ይሸጣል። ስለዚህ የትንሹ ባቡር መደብ የወይን ጠጁ ትራፊ ነው።

የአነጣጠፉ ጥበብ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በተለይ በአሜሪካ የተለመደው የቡሽ ጥብጣብ አሠራሩ ቀላልና ብልሃት ያለበት ነው። ርዝመቱ 91 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ለኤች-ኦ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህን 5 ሚሊ ሜትር በ87 ብናባዛው 43.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከእውነተኛ የኮረት ክምር ከፍታ ብዙ የማይርቅ። ጥብጣቡ መሐል ለመሐል ከላይ እስከ ታች በሰያፍ ተሠንጥቆ ይመጣል። ሠሪው በእጁ ይለያየዋል፤ ሁለቱን ግማሾች አገላብጦ ቀጥ ያለውን ጠርዝ ከቀጥታው ጋር ሲያገጣጥም፣ ሰያፉ ወደ ውጭ ይዞርና ግራና ቀኝ ተዳፋት ይሆናል። አንድ መቁረጥ ሁለት ትከሻ ወለደ ማለት ነው።

ለሁለት መከፈሉ ሌላም ጥቅም አለው። ሙሉው ጥብጣብ ለመጠምዘዝ ያስቸግራል፤ ግማሹ ግን እንደ ጠፍር ይታዘዛል። ሠሪው በመጀመሪያ የመስመሩን እምብርት በእርሳስ ጣውላው ላይ ያሠምራል። መሥመሩን ተከትሎ የአናጢ ነጭ ኮላ በስሱ ይቀባል፤ አንዱን ግማሽ ከእርሳሱ ጠርዝ ጋር አስጠግቶ ያስተኛል፤ በስፒል ይወጋዋል፤ ከዚያ ሁለተኛውን ግማሽ ያስጠጋል። የግራው መጋጠሚያ ከቀኙ መጋጠሚያ ፊት ለፊት እንዳይውል አንዱን ቀድሞ አንዱን አዘግይቶ ያቀጣጥላል። ግንበኛ ብሎኬት ሲደረድር የሚያደርገው ነው፤ መጋጠሚያ ላይ መጋጠሚያ ከዋለ ድክመት እዚያ ይሰበሰባል።

ኮላው ሲደርቅ ስፒሎቹ ይነቀላሉ። ቀጥሎ ብዙ ጀማሪ የሚዘልለው ሥራ ይመጣል። ብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ተጠቅልሎ የቡሹ አናት ይፈገፈጋል፤ የጠርዙ ቁርጥራጭም ይነሳል። ጣት ተዳብሶ የማያገኘው ጉብታ፣ 150 ግራም ለምትመዝን ባቡር ተራራ ነው። ባቡሯ ከመስመር በወጣች ቁጥር ሰው ሐዲዱንና መንኮራኩሩን ይመረምራል፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ያለው ከሥር፣ ሳይለሰልስ በቀረው መደብ ላይ ነው።

በመጨረሻም ደቃቅ ጠጠር በሐዲዱ መካከልና በተዳፋቱ ላይ ይነሰነሳል። አንድ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና በገባበት ውኃ ይርሳል፤ በውኃ የቀጠነ ነጭ ኮላ በመድኃኒት ማንጠባጠቢያ ይጠጣል። ሲደርቅ እንደ እውነተኛው መስመር ያምራል። ከዚህ ላይ ነው ምፀቱ። የደረቀው ኮላ ጠጠሩን ወደ ጠንካራ ቅርፊት ይለውጠዋል፤ ቅርፊቱ ከሐዲዱ ተነስቶ በቡሹ ትከሻ ላይ ወርዶ ጣውላውን ይነካል። ቡሹ የዘጋው ድምፅ በጎን በኩል ሌላ ድልድይ ያገኛል። ለመልክ የተደረገው ነገር ለሥራ የተደረገውን ያፈርሰዋል። ስለዚህ ነው አንዳንዶች ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚለሰልስ ማጣበቂያ የሚመርጡት፤ አንዳንዶችም ጠጠሩ ከቡሹ ጫፍ ወርዶ ጣውላውን እንዳይነካ የሚጠነቀቁት። የደብሊን ግራናይት ትምህርት በጠረጴዛ ላይ ተደገመ፤ ግትርነት ምት ያሳልፋል።

ከጠረጴዛው በታች ያሉ ሰዎች

ከሥር ያለውን ማወቅ የት እንደሚያደርስ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በ1946 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም የሞዴል ባቡር ክበብ ተመሠረተ። አባላቱ በሁለት ይከፈሉ ነበር ማለት ይቻላል። ግማሾቹ ከጠረጴዛው በላይ ኮረብታና ቤት ይሠራሉ፤ ግማሾቹ ከጠረጴዛው በታች ተኝተው ከስልክ ዕቃዎች በተገኙ ማብሪያ ማጥፊያዎች ባቡሮቹን የሚያዝ የሽቦ መረብ ይዘረጋሉ። ከጠረጴዛው በታች ከነበሩት ወጣቶች አንዳንዶቹ በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ተቋሙ ኮምፒዩተሮች ተሻገሩ። «ሀከር» የሚለው ቃል የኮምፒዩተር ሰው መጠሪያ የሆነው ከዚህ ክበብ ቋንቋ ወጥቶ ነው። በ1962 ስፔስዋር የተባለውን ከመጀመሪያዎቹ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች አንዱን ከሠሩት መካከልም የክበቡ አባላት ነበሩ።

የለካ ያቆየዋል

ሞዴል ትንሽ ስለሆነ ጠፊ ነው። በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ይኖር የነበረው ፎቶግራፍ አንሺው ጆን አለን በቤቱ ምድር ቤት የሠራው የባቡር ዓለም በመላው አሜሪካ የሙያው ወዳጆች ዘንድ ዝነኛ ነበር። በጥር 1973 አለን ሞተ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቤቱ ውስጥ እሳት ተነስቶ ሥራው ወደመ። ዛሬ ስለ እርሱ የምናውቀው ሰውየው እየሠራ ፎቶ ያነሳና ይጽፍ ስለነበረ ነው። ሞዴሉ ተቃጠለ፤ መዝገቡ ቀረ።

ይህ ነገር ወደ እኛ ቤት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሥራው በ1897 ተጀምሮ፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር መስመር 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ስፋቱ አንድ ሜትር፣ አግዳሚዎቹ ደግሞ ምስጥ የማይደፍራቸው የብረት አግዳሚዎች ነበሩ። በሞዴል ሠሪዎች መለኪያ ይህ መስመር 12 ሚሊ ሜትር በሚሰፋ ሐዲድ ይሠራል፤ የስዊስ ተራራ ባቡሮችን ለሚወዱ ሰዎች በገበያ ላይ የሚሸጠው ዓይነት ማለት ነው። 784 ኪሎ ሜትሩን ለ87 ብናካፍለው 9 ኪሎ ሜትር ይመጣል። በሐምቡርግ በ2001 የተከፈተው ዝነኛ የሞዴል ባቡር ትርኢት ውስጥ የተዘረጋው ሐዲድ በጠቅላላው ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የእኛ መስመር ከለገሃር እስከ ጅቡቲ ሙሉውን ተሠርቶ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከተዘረጋው ያንሳል።

ርዝመቱ እንግዲህ አያስፈራም። የሚያስፈራው መለኪያው ነው። የድሮው ባቡር ከአዲስ አበባ መነሳቱን በ2000ዎቹ መጨረሻ አቆመ፤ በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ደግሞ ስፋቱም መንገዱም ሌላ ነው። ስለ ጣቢያዎቹ ሕንጻ፣ ስለ ለኮሞቲቮቹ ፎቶ አይጠፋም። ዓይን የሚከተለው እነሱን ስለሆነ። አንድ ወጣት ግን ነገ ተነስቶ የአዋሽን ወይም የመተሐራን ጣቢያ በትንሹ ልሥራ ቢል የሚያስፈልገው ሌላ ነው። ኮረቱ ከአግዳሚው ጫፍ ስንት ሴንቲ ሜትር ወጣ ይል ነበር? ድንጋዩ ቀለሙ ጥቁር ነበር ወይስ ቀይ? በብረት አግዳሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ቀጥታው ላይ ስንት፣ ማጠፊያው ላይ ስንት ነበር? ዝናብ ሲመጣ ውኃው በየት በኩል ይወርድ ነበር?

እነዚህን ጥያቄዎች ሜትርና እርሳስ የያዘ ሰው በግማሽ ቀን ይመልሳቸዋል፤ ሐዲዱ ባለበት እስካለ ድረስ። ብረቱ ተነቅሎ፣ ኮረቱ ለቤት መሠረት ከተወሰደ በኋላ ግን የትኛውም ሊቅ አይመልሳቸውም። ሐዲዱ ላይ ለዓመታት የሠሩ የመንገድ ጥገና ሠራተኞች ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ዕድሜ የሰጣቸውም አሉ። የሚጠይቃቸው ሰው ግን መጀመሪያ ከሐዲዱ ሥር ምን እንዳለ ለማየት ጎንበስ ማለት ይኖርበታል።